ሐኪም ዳገት ሲወጣ

መርሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ የተዘረጋች የገበያ ከተማ ናት፤ የሀብሩ ወረዳ መቀመጫም ናት። በስተምሥራቅ መሬቱ ወደ አፋር ቆላ እየተንጣለለ ይወርዳል። በስተምዕራብ ጋራው በጋራ ላይ እየተደራረበ ወደ ደጋው ይወጣል። የጋራው ሰው ወደ ከተማዋ የሚወርድበት ጉዳይ ብዙ ነው፤ እህል ሊሸጥ፣ ጨውና ስኳር ሊሸምት፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ሊያከብር። አንዳንዱ ግን በእግሩ አይመጣም፤ በሰው ትከሻ ነው የሚመጣው።

ወሳንሳ ይሉታል። ሁለት ረጃጅም አጣና፣ በመካከሉ በጠፍር ወይም በገመድ የተጠላለፈ መኝታ፣ በላዩ ጋቢ። አራት ሰው ይሸከማል፤ ሌሎች ስምንትና አሥር ሆነው የደከመውን ሊተኩ ከኋላ ይከተላሉ። ቁልቁለቱ ሲብስ የፊተኞቹ እንጨቱን ከፍ፣ የኋለኞቹ ዝቅ ያደርጋሉ፤ ሕመምተኛው እንዳይንሸራተት። ምጥ የያዛት ከሆነች አንዲት ሴት አጠገቧ እጇን ይዛ ትሄዳለች። በወሎ ይህ የቅሬ ሥራ ነው። ቅሬ ሰው ሲሞት ለመቅበር ብቻ የቆመ ማኅበር አይደለም፤ በብዙ ቦታ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ላይ ሆኖ የታመመውንም የሚሸከምበት ነው።

ጋራው ላይ ያለ መንደር በካርታ ሲታይ ከመርሳ ብዙም የራቀ አይመስልም። ርቀቱ የሚታወቀው ወሳንሳው ሲነሳ ነው። ገደሉን ዞሮ፣ የሞላ ወንዝ እስኪጎድል ጠብቆ፣ አስፋልት ደርሶ፣ መኪና ለምኖ፣ ከዚያም ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ ሆስፒታል። ጥያቄው የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ሕመምተኛው ከሚወርድ ሐኪሙ ለምን አይወጣም?

ይህን ጥያቄ የሕይወታቸው ሥራ ካደረጉት መካከል ክርስቲያን በጎ ፈቃደኞች አሉ። የሕክምና ሚሽን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በአንድ ቦታ ሆስፒታል ከፍቶ ለዓመታት መቀመጥ ነው። ሁለተኛው አጭሩ ነው፤ ሐኪም፣ ነርስ፣ የጥርስ ባለሙያ፣ ፋርማሲስትና የሕክምና ሙያ የሌለው አገልጋይ ተሰባስበው ለአንድና ለሁለት ሳምንት ወደ ገጠር ይወጣሉ፤ በትምህርት ቤት ክፍል ወይም በድንኳን ውስጥ አክመው ይመለሳሉ። ፈቃደኞቹ ከውጭ አገር አብያተ ክርስቲያናት የሚመጡ፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ ወይም እዚሁ አገር የዓመት ፈቃዳቸውን የሚሰጡ ባለሙያዎች ናቸው። ደመወዝ የለውም፤ ብዙዎቹ መጓጓዣቸውንም ምግባቸውንም ከኪሳቸው ይችላሉ።

መነሻቸው በወንጌል ያለው የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ነው። ታሪኩን የሚያውቅ ሁሉ መንገድ ዳር በወደቀው ሰው ቁስል ላይ የፈሰሰውን ዘይትና ወይን ያስታውሳል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ብዙ ሰው ያልፈዋል። ሳምራዊው ቁስለኛውን በራሱ ከብት ጭኖ ማረፊያ ቤት ያደርሰዋል፤ በማግሥቱ ጉዞውን ከመቀጠሉ በፊት ለቤቱ ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጥቶ አደራ ይላል፤ ተጨማሪ ወጪ ካለም ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ይገባል። የሕክምና ሚሽን ትልቁ ጥያቄ ይሄ ጠባቂ ነው። እንግዳው ሐኪም ሲሄድ ሕመምተኛው በማን እጅ ይቀራል?

የወልድያ መንገድ

ዛሬ ሚኒባስና የጭነት መኪና የሚመላለስበት የደሴና የወልድያ መንገድ በ1928 ዓ.ም. የጦር መንገድ ነበር። በቆቦና በአላማጣ አድርጎ ኮረም ይደርሳል፤ ስንቁም ቁስለኛውም የሚተላለፈው በእሱ ነበር። በዚያ ዓመት በዚህ መስመር ከወጡት መካከል ጆን ሜሊ የተባለ እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ይገኝበታል።

ሜሊ ኢትዮጵያን ያሰባት ከጦርነቱ በፊት ነው። እዚህ ሆስፒታልና የሕክምና ትምህርት ቤት የሚከፍት የክርስቲያን ሚሽን የማቋቋም ሕልም ነበረው። ጣሊያን ስትወርር ሕልሙን ለጊዜው አቆይቶ፣ በኢትዮጵያ የብሪታኒያ አምቡላንስ አገልግሎት የተባለውን የበጎ ፈቃደኞች ቡድን እየመራ ወደ ሰሜን ወጣ። ቡድኑ ሲደርስ ሕክምና ራሱ ከአደጋ አላመለጠም ነበር። ኅዳር 26 ቀን ደሴ ከአየር ስትደበደብ የአድቬንቲስቶች ሚሽን ሆስፒታል ተመትቷል። የካቲት 25 ቀን ደግሞ ተራው የሜሊ ሆነ። ኮረም አጠገብ ሜዳ ላይ በተተከለው ሆስፒታል ከሩቅ የሚታይ ቀይ መስቀል ነበር፤ የጣሊያን አውሮፕላን ቦምቡን በድንኳኖቹ ላይ ጣለ፤ ሕሙማን በተኙበት ሞቱ።

ቡድኑ አልተመለሰም። ድንኳኑን ከሜዳው አንሥቶ ከለላ ወዳለበት ስፍራ አዛወረና የጣሊያን የመርዝ ጋዝ ያቃጠላቸውን ወታደሮችና ገበሬዎች ማከሙን ቀጠለ። በባዶ እግሩ ጋዝ የነካውን ሣር የረገጠ ሰው ቆዳው እንዴት እንደሚሆን ያየ የውጭ ሰው በጊዜው ጥቂት ነበር፤ እነዚህ ሐኪሞች አይተዋል፣ ለዓለምም መስክረዋል።

ሜሊ ወደ አገሩ አልተመለሰም። ንጉሠ ነገሥቱ ከወጡ በኋላ አዲስ አበባ በዘረፋና በተኩስ ስትታመስ፣ ሚያዝያ 25 ቀን፣ መንገድ ላይ የወደቀ ቁስለኛ ሊያነሣ ሲሞክር በጥይት ተመታ። የጣሊያን ጦር ከተማዋን በያዘበት ዕለት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አረፈ። ያሰበው ሚሽንም ሳይቋቋም ቀረ።

ሃያ ዓመት ሳይሞላ ግን እዚያው ወሎ ውስጥ ሌላ በር ተከፈተ። ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን በ1940ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ከደሴ ወጣ ብሎ በቦሩ ሜዳ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የሕክምና ስፍራ አቋቋመ። የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ በዚያ ዘመን ሁለት ጊዜ ይታመም ነበር፤ አንድ በባክቴሪያው፣ አንድ ደግሞ ከሰው በመለየቱ። ቁስሉን በእጅ ነክቶ የሚያጥብ ነርስ ማየት ለብዙዎቹ ከመድኃኒቱ እኩል አዲስ ነገር ነበር። ቦሩ ሜዳ ኋላ ወደ መንግሥት እጅ ገባ፤ ዛሬም ሆስፒታል ነው። የመሠረቱት ሄደዋል፤ ቤቱና ሥራው ቀርቷል።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ ወሎን ሲያራቁተው ረሃብተኛው የተሰለፈው በዚሁ አስፋልት ዳር ነው። ወደ ወሎ የሄዱት አብያተ ክርስቲያናትና ማኅበሮቻቸው በየፊናቸው ከመሮጥ አንድ ላይ መሥራት እንደሚሻል ያዩት ያኔ ነው፤ ዛሬ ሲሲአርዲኤ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅቶች ኅብረት የተወለደው ከዚያ ረሃብ ነው። ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩና ወንጌላዊው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ማን የት ምን እንደሚያደርስ መከፋፈልን የተማረው በወሎ ሰው ሕይወት ነው ማለት ይቻላል።

ሃያ ደቂቃ ለአንድ ዓይን

ወደ ጋራው የሚወጣ ቡድን ምን ያገኛል? ከከተማ የሚሄድ ፈቃደኛ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው አስደንጋጭ ድንገተኛ ሕመም ነው። የሚያገኘው ግን ዓመታት ያስቆጠረ፣ ሰው ተሸክሞት የሚኖር ሕመም ነው። የተቦረቦረ ጥርስ፣ እንቅርት፣ ያልታወቀ ደም ግፊት፣ የዓይን ሞራ። ከሁሉም በላይ ትራኮማ፤ አገሬው የዓይን ማዝ የሚለው።

የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ ክፉኛ ከሚያጠቃቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ባክቴሪያው ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ እናት በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። አንድ ጊዜ ቢይዝ ዓይን አያጠፋም። ደጋግሞ ሲይዝ ግን የዓይን ቆብ በውስጥ በኩል ይጠባሳል፤ ጠባሳው ሲኮማተር ቆቡን ወደ ውስጥ ይገለብጠዋል፤ ሽፋሽፍቱም የዓይኑን ብሌን መፋቅ ይጀምራል። ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ማለት ነው። ልጅ የምትይዘው፣ አፍንጫ የምትጠርገው ሴት ስለሆነች ለዚህ ደረጃ የሚደርሱት ሴቶች ከወንዶች በእጥፍና ከዚያም በላይ ናቸው።

ብዙ እናቶች መድኃኒታቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይመጣሉ። ወረንጦ ነው። እሾህ የሚነቀልበት ያ ትንሽ ብረት በክር ታስሮ ከማተቡ ወይም ከጨሌው ጋር ይወርዳል። በየጥቂት ቀኑ ልጅ ወይም ጎረቤት ብርሃን ያለበት ቦታ አስቀምጦ የተገለበጠውን ጸጉር አንድ በአንድ ይነቅላል። እፎይታው አጭር ነው፤ ጸጉሩ ከሥሩ አጭርና ጠንካራ ሆኖ ይበቅልና መልሶ ይወጋል።

ቀዶ ሕክምናው ለማየት ቀላል፣ ለመሥራት ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው። እናትየዋ አግዳሚ ላይ ትተኛለች። ፊቷ ታጥቦ ቀዳዳ ባለው ንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል፤ አንዷ ዓይን ብቻ ትታያለች። የማደንዘዣው መርፌ ሲገባ እጇን ትጨብጣለች፤ ሕመም የሚባለው ያው ነው። ከዚያ ባለሙያው የዓይን ቆቡን ከጫፉ ጥቂት ከፍ አድርጎ ይሠነጥቃል፣ የተገለበጠውን ጠርዝ ወደ ውጭ ይመልሳል፣ እንደዚያ እንዳለ ይሰፋዋል። ሃያ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ዓይኑ ታሽጎ ያድራል፤ በማግሥቱ ይከፈታል። ይህን የሚሠራው የግድ የዓይን ሐኪም አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች በየጤና ጣቢያው ይሠሩታል፤ ጥሩ ሚሽንም የራሱን ሐኪም ከማምጣቱ በፊት እነዚህ ነርሶች ክርና መቀስ እንዳላቸው ይጠይቃል።

ከተራራው ጋር የሚመጣ ሌላ ጉዳይም አለ። ወልድያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ይህም ይቀንሳል። መሣሪያ በማሰሮ ቀቅሎ ንጹሕ ሆነ ማለት አይቻልም። በእንፋሎት ግፊት የሚሠራ ማምከኛ፣ የሚያሞቀው ነዳጅ ወይም ጄኔሬተር፣ ይህን ሁሉ የሚጭን በቅሎ ወይም አህያ ያስፈልጋል። የቀዶ ሕክምናው ሃያ ደቂቃ ከኋላው የብዙ ሰዎችን የሌሊት ሥራ ይይዛል።

የሕክምና ሙያ የሌለው ፈቃደኛ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ስም የሚመዘግብ፣ የዓይን መመርመሪያውን ሰንጠረዥ ይዞ የሚቆም፣ ያረጁትን ከጸሐይ ወደ ጥላ የሚያሻግር፣ የእናትየዋን ሕፃን የሚያቅፍ፣ ምሳ የሚሠራ። በአንድ ዘመቻ ላይ ስቴቶስኮፕ ካንጠለጠለው ይልቅ ባልዲ የያዘው ይበዛል።

እግር ማጠብ

ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት በደጋው ያላየ የለም። ለረጅም ጊዜ እርግማን፣ የዘር በሽታ ወይም ተላላፊ ነው ሲባል ኖሯል። ብሪታኒያዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ደጋ አፈር፣ ከፍታና የዝናብ መጠን ሕመምተኞቹ ካሉበት ቦታ ጋር እያስተያየ አጠናና ምክንያቱን አገኘ። ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባሉ፤ በተፈጥሯቸው ለዚህ የተጋለጡ ሰዎች ላይ የሰውነት ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን ቱቦዎች ያቆስላሉ፤ እግሩ ያብጣል። ስሙንም ፖዶኮኒዮሲስ አለው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጫማ ያደረገ ልጅ አይይዘውም። በአገሪቱ 1.5 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች እንደታመሙ ተመራማሪዎች ይገምታሉ።

ሕክምናው ውሃ፣ ሳሙና፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ነው። ይህን ወደ ሕዝቡ ያወረዱት በአመዛኙ የእምነት ተቋማት ናቸው። ለረጅም ዓመታት በኢትዮጵያ ያገለገለው አሜሪካዊው የሚሽን ሐኪም ናታን ባርሎ በእርጅናው ተመልሶ በወላይታ ለእነዚህ ሕመምተኞች የሚሆን ፕሮጀክት ጀመረ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ሲሞት ሥራው አልቆመም፤ እግራቸው የዳነላቸው ሰዎች ራሳቸው የሌላውን እግር እያጠቡና እያሠለጠኑ ቀጥለውበታል። በአማራ ክልልም ዓለም አቀፉ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች በጎ አድራጎት ድርጅት ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና የተራድኦ ኮሚሽን ጋር ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎጃም በኩል ሠርቷል። ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ በሽታው እርግማን አለመሆኑን ሲናገር፣ ለዓመታት ከማኅበር የቀረች ሴት ወደ ሰው መሐል ትመለሳለች።

አብሽሪ

ሀብሩ አብዛኛው ነዋሪዋ ሙስሊም የሆነ ወረዳ ናት። ስለዚህ የክርስቲያን ሚሽን ወደዚህ ሲመጣ አንድ ነገር ከመጀመሪያው ጥርት ማለት አለበት፤ ሕክምናው እምነት ለማስቀየር የሚከፈል ዋጋ አይደለም። የቀይ መስቀል ንቅናቄና ታላላቅ የረድኤት ድርጅቶች፣ ክርስቲያናዊዎቹም ጭምር፣ በ1994 እ.ኤ.አ. የተስማሙበት የሥነ ምግባር ደንብ ይህንኑ ይላል፤ እርዳታ ለየትኛውም ሃይማኖት ወይም ፖለቲካ ማራመጃ አይሆንም። ሕመምተኛ ደካማ ነው። ደካማን ሰው ክኒን በአንድ እጅ፣ ስብከት በሌላ እጅ ይዞ መጠበቅ ከሳምራዊው ታሪክም ጋር አይሄድም፤ ሳምራዊው የቁስለኛውን እምነት አልጠየቀም።

የወሎ ሰው ለዚህ የሚሆን ቃል አለው። አብሽሪ። አይዞሽ፣ መልካም ይሆናል እንደ ማለት ነው። ከዐረብኛ የመጣ ቢሆንም ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑም ይለዋል፤ ለቅሶ ቤትም፣ ሕመምተኛ አልጋ አጠገብም። ከአዲስ አበባ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ፈቃደኛ ከመርፌው በፊት ይህን ቃል ቢማር ሥራው ግማሽ ይቀልለታል። አንዱ «እግዜር ይማርዎ» ሲል ሌላው «አላህ ያሽርዎ» ይላል፤ ሕመምተኛው ለሁለቱም አሜን ይላል።

ከቃሉ ቀጥሎ ልማዱ ይመጣል። ቡድኑ ድንኳን ከመትከሉ በፊት ቄሱንም ሼሁንም ያነጋግራል፤ ሁለቱ ያልባረኩት ሕክምና ላይ ሰው አይሰለፍም። ለሴቶች የተለየ ክፍልና ሴት ባለሙያ ይዘጋጃል። የስግደት ሰዓት ሲደርስ ሰልፉ ቦታውን ሳያጣ ይበተናል። በረመዳን ወይም በዐቢይ ጾም የታዘዘ ክኒን መቼ እንደሚዋጥ፣ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ፣ ከጾሙ ጋር ተስማምቶ ይነገራል፤ ያለዚያ እናትየዋ ክኒኑን በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ እስከ ፍስክ ታቆየዋለች።

ጠበልም አለ። ብዙ ክርስቲያን ሕመምተኛ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጠበል ነው፤ ሙስሊሙም ዱዓ ወደሚያደርግለት። ይህን የሚንቅ ሐኪም ሕመምተኛውን ያጣል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት ጥለው ጠበል ላይ የሚቀሩ ሰዎች በበዙበት ወቅት፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱም ጠበሉም አንድ ላይ ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። የአንድ አባት ቃል ሰውን ወደ ክኒኑ ሊመልስ ይችላል። በጋራው መንደርም ይኸው መንገድ ይሠራል።

ጠባቂውን ማሠልጠን

የአጭር ጊዜ ሚሽን ድክመቱ በራሱ በመልካምነቱ ውስጥ ነው። በጥቂት ቀን ውስጥ ብዙ ሰው ማየት ይፈልጋል። ደም ግፊቷ ከፍ ያለ አንዲት እናት ክኒን ለአንድ ወር ይሰጣታል። መድኃኒቱ የዕድሜ ልክ መሆኑን የሚነግራት ካልተገኘ፣ ሲያልቅ ዳንኩ ብላ ትቀመጣለች። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ለጉንፋን ከተበተነ የሚጎዳው የዛሬው ብቻ አይደለም፤ መድኃኒቱን የለመደ ተሕዋሲ ነገ ለጎረቤትም ይተርፋል። ካርድ ላይ ያልተጻፈ ሕክምና፣ ለጤና ጣቢያው ያልተነገረ ቀዶ ሕክምና፣ ሪፈር ያልተጻፈለት እብጠት፤ እነዚህ ሁሉ ጠባቂ የሌለው ማረፊያ ቤት ናቸው።

ስለዚህ ሥርዓት አለው። ቡድኑ በመጀመሪያ የዞኑን ጤና መምሪያና የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤት ማማከር አለበት፤ የት ምን እንደጎደለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ ጊዜያዊ የሙያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። መድኃኒት ሲገባ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠየቃል፤ ጊዜው ሊያልፍበት የተቃረበ መድኃኒት በሻንጣ ይዞ መምጣት ስጦታ አይደለም። ወቅትም ይመረጣል። ለፈቃደኛው የሚመቸው ክረምቱ ነው፤ በክረምት ግን ወንዙ ይሞላል፣ ዳገቱ ያንሸራትታል፣ ገበሬው እርሻ ላይ ነው። ከጥቅምት በኋላ መንገዱም ሰዉም ይመቻል።

ጠባቂው ደግሞ እዚያው አለ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው በተሠራው ጤና ኬላ ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበዋል። አብዛኞቹ እዚያው አካባቢ ያደጉ ሴቶች ናቸው። ማን እርጉዝ እንደሆነች፣ የማን ልጅ ክትባት እንደቀረው፣ ማን ዓይኑን እንደሚያሸት ቤት ለቤት ያውቃሉ። የሚሽን ቡድን ከመምጣቱ ሁለት ሳምንት በፊት የሕመምተኛውን ስም ዝርዝር የሚያወጡት እነሱ ካልሆኑ፣ ሰልፉ ላይ የሚገኘው ጉልበት ያለው ሰው ነው፤ የደከመው ቤቱ ይቀራል።

ጠባቂውን ማሠልጠን እንደሚያስፈልግ ከሁሉ አስቀድመው ከተረዱት መካከል ካትሪንና ሬጅ ሐምሊን ይገኛሉ። አውስትራሊያዊቷ ካትሪንና ባለቤቷ ሁለቱም የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች፣ ሁለቱም አጥባቂ ክርስቲያኖች ነበሩ። በ1959 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሱት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል አዋላጆችን ለማሠልጠን በሦስት ዓመት ውል ነው። ያገኟቸው ግን ምጥ ቀናት ፈጅቶባቸው ልጃቸውን ያጡ፣ ሽንት መቆጣጠር ያቃታቸው፣ ከቤት የተገፉ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ፌስቱላ የሚባለው ይህ ጉዳት የርቀት በሽታ ነው፤ ወሳንሳው ዘግይቶ የደረሰባት ሴት በሽታ። ባልና ሚስቱ ቀሩ። በ1974 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ሬጅ በ1993፣ ካትሪን በ2020 እ.ኤ.አ. በ96 ዓመቷ እዚሁ አረፉ።

ከሕመምተኞቻቸው አንዷ ማሚቱ ጋሼ ናት። በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ከገጠር የመጣች፣ ፊደል ያልቆጠረች ልጅ ነበረች። ከታከመች በኋላ አልጋ እያነጠፈች፣ ቀጥሎ በቀዶ ሕክምናው ክፍል እየረዳች፣ እያየች ተማረች፤ በመጨረሻ ራሷ ቀዶ ሕክምና የምትሠራ፣ ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞችንም የምታስተምር ሆነች። ሐምሊኖች በ2007 እ.ኤ.አ. የአዋላጆች ኮሌጅ ሲከፍቱም ተማሪዎቹን ከገጠር መርጠው፣ ሲመረቁ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እንዲመለሱ አደረጉ።

ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ

የሰሜን ወሎ ጠባቂዎች ባለፉት ዓመታት ራሳቸውም ቆስለዋል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በጦርነት ውስጥ ነበሩ፤ የወልድያን ሆስፒታል ጨምሮ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። የጤና ኬላዎች ፍሪጅና ሚዛን፣ የሆስፒታል ማሽን፣ የመድኃኒት መደርደሪያ ሳይቀር ጠፍቷል። ከዚያ በኋላ በክልሉ የቀጠለው ግጭት መንገዱን አስፈሪ አድርጎታል። በሀብሩ ጃራ መጠለያ ደግሞ ከወለጋና ከሌላም ቦታ የተፈናቀሉ ሰዎች ኑሮአቸውን በሸራ ሥር አድርገዋል። ዛሬ ወደዚህ አካባቢ በጎ ፈቃድ ይዞ ለመምጣት የሚያስብ ሰው ከጉዞው በፊት ቢጠይቅ የሚጠቅመው ጥያቄ ቀላል ነው፤ የጤና ጣቢያዋ ማምከኛ ይሠራል? ነርሷ የስፌት ክር አላት? እኔ መሄድ ባልችል ይህን ልልክላት እችላለሁ?

የዓይን ቆብ የተሰፋበት ክር የሚወጣው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ቡድኑ ሄዷል። ድንኳኑ የነበረበት ቦታ ላይ የደረቀ ሣር አራት ማዕዘን ሠርቶ ይታያል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዝርዝሩን ይዛ ከቀበሌ ቀበሌ ሄዳለች፤ የታከሙት እናት ዛሬ ጋራውን በእግራቸው ወርደው፣ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ከጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ነርሷ ጎንበስ ብላ ክሩን አንድ በአንድ ታወጣለች። «አብሽሩ እማማ፣ አለቀ» ትላለች። ጣቷን ከፍ አድርጋ ስንት እንደሆነ ትጠይቃቸዋለች፤ ይነግሯታል። ከዚያ አንገታቸው ላይ ያለውን ወረንጦ ታያለች፣ ዓይናቸውን ዳግም እንዳይነኩበትም ትመክራቸዋለች። እሳቸው ክሩን ከአንገታቸው ፈትተው ለተከተላቸው የልጅ ልጅ ይሰጡታል፤ መንገድ ላይ እሾህ ወግቶት ሲያነክስ ነው የመጣው።